በኮሶዬ ውርጭ ላይ ሩዝ ላስዘሩልን ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ለክቡር ዋና ዳይሬክተር፣
የዝናም አጠር ሰብሎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት፣
ጎንደር።

እጅግ የተከበሩና የተፈሩ ዳይሬክተራችን፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የማያቋርጥ ጤና፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለማኪናዎ ጎማ ረጅም ዕድሜ፣ በስብሰባ ብዛት ለደከመው ወገብዎም ፈውስ እመኛለሁ። እኔ ኤሌኒ ሀብተሥላሴ በጽሕፈት ቤትዎ የሩዝ ዝርያ አዳቃይ ነበርሁ፤ ከጥር ወዲህ ግን በክቡርነትዎ መልካም ፈቃድ የአካፋና የዶማ መጋዘን ጠባቂ ሆኛለሁ። ስለ ሹመቱ አመሰግናለሁ። ለምን እንደ ተሾምሁ ግን የጎንደር ሕዝብም ቢያውቅልኝ ደስ ስለሚለኝ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ደፍሬአለሁ።

በሥራ ብዛት ዘንግተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፤ ይህ ሩዝ የተዳቀለው ለቆላ ነው። በሳንጃ ዙሪያ ዝናሙ ዘግይቶ ይገባል፣ መሬቱ ሳይጠግበው ደግሞ ይወጣል። ውሃ ተኝቶበት ካልሆነ የማያድገውን ሩዝ እዚያ መዝራት ዓሣን በአውድማ እንደ ማርባት ነው። ስለዚህ እኔና ባልደረቦቼ አበባው ሳይከፈት በማለዳ ተነሥተን፣ በትንሽ መቀስ ወንዴውን እየቆረጥን፣ ድርቅ የሚችለውን ፍሬው ከሚበዛው ጋር ስናዳቅል፣ ሥሩ የጠለቀውንና ቶሎ የሚደርሰውን እየለየን ሌላውን ስንጥል ዓመታት አለፉ። ከዚያ ሁሉ መካከል አንድ ዝርያ ተረፈልን። ደጅ አይጠናም፣ ሰማይን አይለምንም ሲሉ የሳንጃ ገበሬዎች «አይለምኔ» የሚል ስም አወጡለት።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ማለት ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ስለ ቦታ መረጣዎ ነው። ባለፈው ክረምት እኔ ሳንጃ ወርጄ ሳዘራ፣ ክቡርነትዎ ከመጋዘን ዘሩን አስወጥተው ደጋው ላይ በኮሶዬ፣ አስፋልቱ ዳር አስዘሩት። ተመልሼ ስሰማ ወደ ቢሮዎ ሮጥሁ፤ ሩዝ የቆላ ልጅ እንደሆነ፣ በደጋ ብርድ አበባው እንደሚመክን፣ ለዚህም መጽሐፍ መግለጥ እንደማያስፈልግ፣ ጋቢ ለብሶ አንድ ምሽት ኮሶዬ ላይ መቆም እንደሚበቃ በትሕትና አስረዳሁ። ክቡርነትዎም የሳንጃ መንገድ ለእንግዶች ሞቃትና አቧራማ መሆኑን፣ ኮሶዬ ግን ነፋሻ እንደሆነች፣ ምሳ ቤቶቿም ሥጋ እንደሚያውቁበት ከገለጹልኝ በኋላ፣ «ምርጥ ዘር ከተባለ ቦታ አይመርጥም» ብለው አሰናበቱኝ። ይህን አባባል እስካሁን ለባልደረቦቼ አላስተማርሁም፤ ለብቻዬ ማስቀረቴን ንፉግነት አይበሉብኝ።

ሁለተኛው ስለ አያ ባምላክ ነው። ክቡርነትዎ ስማቸውን ስለማያስታውሱ ላስተዋውቅዎ፤ ሩዙ የተዘራበት ማሳ ባለቤት ናቸው። በዓመት አንዴ ገብስ የሚያፍሱባት፣ ለመንገዱ ቅርብ በመሆኗ ብቻ የተመረጠች መሬት ነች። ቡቃያውን ልጎበኝ ስሄድ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር እዚህ ያፈራል?» አሉኝ። አያፈራም አልኋቸው። እርሳቸውም፣ «ታዲያ ምነው ለእኔ እውነቱን የምትነግሪኝ አንቺ ብቻ ሆንሽ?» አሉ። ጥያቄውን ወደ ክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ፤ እስካሁን በመንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ጥቅምት ላይ የመስክ ቀን ሆነ። ድንኳን ተተከለ፣ እንግዶች መጡ። አይለምኔ የተዳቀለለት ቆላ ከገደሉ ጫፍ ወለል ብሎ ይታይ ነበር፤ ወደዚያ ግን ማንም አልተመለከተም። ከሩዙ ግማሹ ዘለላውን ሳያወጣ ቀርቷል፤ ያወጣውም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፍሬ የያዘ ዘለላ እንደሚጎብጥ የሚያውቅ ሰው ልቡ ይደነግጣል። ክቡርነትዎ ግን ወደ እንግዶቹ ዞረው «አቋሙን ተመልከቱልኝ!» አሉ። ነጃት የምትባል ጋዜጠኛ አንዱን ዘለላ በመዳፏ ፈትጋ እፍ አለችው። ሁሉም በነፋስ ሄደ። «ፍሬውስ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «በሂደት ላይ ነው» ሲሉ መለሱላት። የመልስዎን ፍጥነት አደንቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ቶሎ የሚደርስ ነገር እኛ በማዳቀል አላገኘንም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደኝ ነውና ስለ አጻጻፌ ሻካራነት አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ። በኅዳር የግምገማ ስብሰባ፣ ጎንደር ከተማ፣ ሙሉ አዳራሽ ፊት፣ አያ ባምላክን አስነሡና ሩዙ የከሸፈው በአርሶ አደሩ ቸልተኝነት ነው አሉ። ሰውየው ነጭ ጋቢያቸውን አጣጥፈው፣ በክብር ተጠራሁ ብለው የመጡ ነበሩ። ቆመው ሰሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታዬ፣ ደጄ ያመጣችሁትን እንግዳ ብርድ ገደለው። ምነው እኔን ገዳይ አደረጋችሁኝ?» አሉ። ከኋላ ሰው ሳቀ። ሳቁ ኮሶዬ ድረስ ቀድሟቸው ደረሰ፤ በአባቶቻችን ዘመን አንበሳ ገዳይ እንደሚባለው ሁሉ እርሳቸውን «ሩዝ ገዳይ» ይሏቸው ጀመር። ገብሳቸውን ያጡት ሰው ስማቸውንም አጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰው ጋር ተቀምጠው ይጫወቱ የነበሩት ሰውዬ ዛሬ በአጥር ጥግ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ክቡርነትዎ በዚያው ሳምንት ለ«አመራር ብቃት» የምስክር ወረቀት መቀበልዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

በጥር እኔም ቸልተኝነቱን በባለሙያነቴ መስክሬ እንድፈርም ተጠየቅሁ። አልፈረምሁም። በማግስቱ የመጋዘን ቁልፍ ተሰጠኝ፤ አይለምኔም «የከሸፈ ዝርያ» ተብሎ ሥራው እንዲቆም፣ ሳንጃ ያለውም ዘር ተሰብስቦ ወደ ወፍጮ እንዲሄድ ታዘዘ።

አሁን ክቡርነትዎ ያልጠየቁኝን፣ እኔ ግን ለመናገር የምቸኩለውን ልጻፍ፤ በዚያው ክረምት ሳንጃ ምን ሆነ? የሙከራ ማሳውን የያዙት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ መሬታቸውን ራሳቸው የሚያሠሩ ሴት። ዝናሙ እንደ ልማዱ ሩዙ ሊያብብ ሲል ጥሎን ሄደ። በማሳው አጠገብ ያለው ማሽላ ቅጠሉን ጠቅልሎ ተኛ። በየማለዳው አፈሩን በጣቴ እየቆፈርሁ፣ ላይ ላዩ አመድ ሆኖ ከሥር ትንሽ እርጥበት ሳገኝ እንደ ሕፃን ደስ ይለኝ ነበር። ሥሩ ወደዚያች እርጥበት ወረደ። አንድ ቀን ዘለላው ጎበጠ። ወይዘሮዋ መሐል ገብተው እልል አሉ፤ እኔም አብሬ እልል አልሁ። ክቡርነትዎ በዚያ ሰሞን ኮሶዬ ድንኳን ያስተክሉ ነበር።

ዘሩን ሊሰበስቡ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላኩት ሰዎች ሲደርሱ፣ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በራቸው ላይ ቆመው፣ «ከሽፏል ያላችሁትን ለምን ትሹታላችሁ? እኔ ለጎረቤቶቼ ዘር እሰጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ እህል እበላለሁ እንጂ ቃሌን አልበላም» አሉ። ሰዎቹ ውሃ ጠጥተው ተመለሱ። ዘሩ ለጎረቤት፣ ከጎረቤትም ለዘመድ ተዳረሰ። ወይዘሮዋ የደረሰባቸውን ከእኔ ሰምተው ለአያ ባምላክም በጭነት ማኪና አንድ ጆንያ ላኩላቸው፤ እንዲበሉት እንጂ እንዳይዘሩት አስጠንቅቀው። አያ ባምላክ ቀቅለው ከቀመሱ በኋላ፣ «ሸጋ ነው። እንዲህ ያለውን ነው በብርድ ያስፈጁት?» አሉኝ። ከስብሰባው ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የተበተነውን ዘር ሰብስቤ ካላስገባሁ ከሥራ እሰናበታለሁ። ክቡርነትዎ፣ አልሰበስብም። ብፈልግም አልችልም፤ ሰኔ ገብቷል፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ነው። የሳንጃ ሴቶች የዘሩትን በጉልበታቸው ተንበርክከው ፍሬ በፍሬ እየለቀሙ እንዲያስረክቡዎ ትእዛዝ መስጠት ይችላሉ፤ ትእዛዙን ይዞ የሚወርደው ሰው ግን እርስዎ ራስዎ ይሁኑ። እኔን ማሰናበትም ሥልጣንዎ ነው፤ ቁልፉ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ይኸውም ለራሴ አይደለም። አያ ባምላክን በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት አስነሥተው፣ በስማቸው ጠርተው ይቅርታ ይጠይቋቸው። ይህን እስኪያደርጉ ድረስ በየስብሰባው ከፊት ወንበር ተቀምጬ እጄን አነሣለሁ፤ ከሥራ ብባረር እንኳ እንደ ሕዝብ እገባለሁ።

ለትእዛዝዎ ያልተመቸሁ፣ ለፊርማ እጄ የከበደ፣ ለክቡርነትዎ ግን ከቆላው ሙቀት የማያንስ ሞቅ ያለ አክብሮት ያለኝ፣

ኤሌኒ ሀብተሥላሴ
የዶማና የአካፋ አዛዥ፣ ጎንደር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት በእጅዎ ላስረክብዎ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ክቡርነትዎ ስለ ምግብ ዋስትና በተጠራ ስብሰባ ምሳ ላይ እንደሆኑ ነገረችኝ። ምን ቀረበ ብዬ ብጠይቃት ሩዝ ነው አለች፤ ከባሕር ማዶ የመጣ። መልካም ምግብ ይሁንልዎ።