ጀርባው የተጣፈ ካናቴራ

ይድረስ ካለህበት፣ ወንድም ዓለም፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከስፖንሰሮቻችን ጠባይ በቀር ደህና ነን።

አለቃዬ በዚህ የኑሮ ውድነት የሩጫ ውድድር ካላዘጋጀሁ ብሎ ድርቅ አለ። ስፖንሰር ፍለጋ የሰው ቢሮ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ጫማዬ አለቀ። በስንት መከራ ያገኘሁት የቀለም ፋብሪካ፣ ስሙ በአራት መቶ ካናቴራ ጀርባ ላይ ከታተመ በኋላ፣ «ገበያው ቀዝቅዟል፤ ስማችንን አንሱልን» አይለኝም መሰለህ! የታተመ ስም በውሃ የሚለቅ መሰላቸው፤ ያውም ቀለም እያመረቱ!

አለቃዬም «እናትሽ ልብስ ሰፊ አይደሉም እንዴ?» ብሎ ጆንያውን አሸከመኝ። እማዬ ስሙ ላይ ነጭ ጨርቅ እንድትጥፍበት ነው። አርባ ዓመት የሰፋች ሴት፣ ስሙን ትታ ሠላሳውን ካናቴራ ከፊት በኩል ጣፈችው። ሳሳያት ሳቀች። ፈትቼ ሰጠኋት፤ በማግስቱም እንደገና ከፊት። ተናድጄ ጮህኩባት፤ አሁን ይቆጨኛል።

ላንተም አንድ መርጣ አስቀምጣለች፤ የስምንት ዓመት ልጅ ልክ ነው። «ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይለካው» አለችኝ።

በል፣ ለዓይነ ሥጋ እስኪያበቃን በደህና ሰንብትልኝ። ስትደውል ግን እንደ ድሮው «እኔ ነኝ» ብቻ አትበላት፤ ስምህን ንገራት።

እህትህ