ጂቱ በበረዶው ሣጥን ላይ

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለወይዘሮ የማርያምወርቅ ዓምደ ሚካኤል፤
ድሬዳዋ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? የአገሩ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ ወገብሽን የሚቀስፍሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ጋሼ ወልደ ሐዋርያት ከባቡሩ ሥራ ጋር እንዴት ናቸው? ሎሚዬስ ጥርስ አበቀለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልሽ ግን እኔን አትቁጠሪኝ። ይህችን ያህል እስክጽፍ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ደጅ ያሰጣሁት ቀለም ደርቆ እንደሆነ በጣቴ ነክቼ ተመልሻለሁ። ወረቀቱ ላይ ቡናማ ነገር ካየሽ የእኔ አውራ ጣት ነው፤ ይቅር በይኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ከእኛ ወረድ ብሎ በየካ በኩል ያሉትን የአቶ ኢዶሳን ልጅ ጂቱን ታስታውሻታለሽ? አንቺ ስትሄጂ ገና ልጅ ነበረች። አሁን ወደ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው አቀበት ላይ ለስላሳ ትሸጣለች። አባቷ በዘበኝነት የሚያገለግሏት ፈረንጅ አስተማሪ ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ የፕላስቲክ የበረዶ ሣጥን ትታላቸው ሄደች። ነጭ ነው፣ ክዳኑ ግጥም ይላል፣ ጧት የገባበት በረዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀልጥም። እኔ ደግሞ፣ እታለም፣ ይህችን ልጅ ካላገባሁ ብያለሁ። አባባም በስንት ምልጃ እሺ ብለው፣ ጾሙ ሳይገባ ነገ እሑድ ሽማግሌ ሊላክ ተቆርጦ ነበር።

ጂቱ ይህን ሳታውቅ አትቀርም፣ ሣጥኑን በጎረቤታችን በአቶ ሰቦቃ አህያ ጭና ለንግሥ አሳምርልኝ ብላ ላከችልኝ። ደስታዬን ምን ልበልሽ! እህል ውኃ ሳልል ቀባሁት። ዙሪያውን ባሕር ዛፍ አደረግሁበት፣ ክዳኑን አበባ አለበስሁት፣ ከፊት ለፊቱ ራሷን ጂቱን ሣልኋት። የሣልኋት ግን በጎን ነው፤ በአንድ ዓይን። ከተማ ወርጄ የሱቅ ስም መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ በሲኒማ ቤቱ ደጅ የሚለጠፉት ሴቶች ሁሉ በጎን ሲያዩ አያለሁና አማረልኝ ብዬ ነው።

ሐሙስ ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ያ ሁሉ ሕዝብ አቀበቱን ሲወጣ ሣጥኑ መንገድ ዳር ተቀምጧል። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዲት ባልቴት አማተቡና፣ ይህች ልጅ ምን በድላ ነው ከሰይጣን ወገን የተሣለችው፣ አሉ። እኔ ያን ጊዜ ነው ክው ያልሁት። አባባ ከልጅነታችን ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ሲያስተምሩን ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎን በአንድ ዓይን ነው፤ ይህን የእንጦጦ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የረሳሁት እኔ ነኝ፣ የሠዓሊው ልጅ!

አቶ ኢዶሳ ማታውኑ በአቶ ሰቦቃ በኩል ላኩብን። የሠዓሊው የአለቃ ልጅ ባይሆን ኖሮ አለማወቅ ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ ሽማግሌ የሚባል ደጄ እንዳይደርስ፣ አሉ። አባባ ይህን ሰምተው ይቆጡኛል ስል፣ ልጅቷን ፊት ለፊት አይተሃት ታውቃለህ ወይ፣ ብለው ጠየቁኝ። አቀበቱን በወጣሁ ቁጥር የማያት በቀኝ ጎኗ ነው፤ ትክ ብዬ ለማየትም አፍራለሁ። ላገባት ሽማግሌ የምልክባትን ልጅ ሙሉ ፊቷን አላውቀውም ነበር።

ዓርብ አባቷ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ሣጥኑን ልውሰድና ቀለሙን ላንሣው ብዬ ሄድሁ። ከእናቷ ጋር ጠርሙስ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። እታለም፣ በግራ በኩል ከቅንድቧ እስከ ጉንጯ የሚወርድ የእሳት ጠባሳ አላት። መንገድ ዳር ስትቀመጥ ሁልጊዜ ያን ጎኗን ወደ አጥሩ አዙራ ኖሯል። ሰው ስለ አንድ ዓይን ያወራል፣ እኔን የከነከነኝ ግን ጠባሳዬን አፍረህበት የደበቅኸው መስሎኝ ነው፣ አለችኝ። አላየሁትም ብላት አላመነችም። በመጨረሻ፣ ዳግም የምትሥለኝ ከሆነ ሁሉንም ሣል፤ አለዚያ ነጩን ሣጥኔን መልስልኝ፣ ብላ ወደ ጠርሙሷ ዞረች።

ሣጥኑን ይዤ መጥቼ ዛሬ ከጧት ጀምሮ ፋቅሁት። ለስላሳ ፕላስቲክ ቀለም አይዝም፤ የቀድሞው ገና በሁለት ቀኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ እንደገና ሣልኋት፣ ፊት ለፊት። የጠባሳው ቀለም ግን አልመጣልኝ አለ፤ ቀይ ባደርገው ቁስል መሰለ። የሱቅ ጽሑፍ ከጀመርሁ ወዲህ ሥራዬን ዘወር ብለው አይተው የማያውቁት አባባ መጡና ቡናማውን በጥቂት ነጭ በጥብጠው ሰጡኝ። ልክ ሆነ። አሁን የቀረው የግራ ዓይኗ ብሌን ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቀለም ሳይደርቅ ከነካሁት ይፈስሳል። ነገ በማለዳ አቶ ሰቦቃ ሣጥኑን ተሸክመው ሽማግሎቹን እየመሩ ይሄዳሉ። አቶ ኢዶሳ በሩን ይክፈቱ አይክፈቱ አላውቅም። መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል፤ እባክሽ ጸልዪልኝ።

እማማ፣ ሎሚን ሳሚልኝ፣ ብርድ እንዳያገኛት፣ እያለች ነው፤ ድሬዳዋ ብርድ የለም ብላት አትሰማኝም። አባባ ለጋሼ ወልደ ሐዋርያት ጽኑ ሰላምታ ያቀርባሉ፤ አንቺንም ይመርቁሻል። አቶ ሰቦቃም እጅ ነሥተዋል።

እታለም፣ ወረቀቱን ሳላጥፈው ተነሥቼ ብሌኑን አገባሁት። አልፈሰሰም። አባባ ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ብዙ ቆይተው አዩት። ከልጅነቴ ጀምሮ የእሳቸውን ብሩሽ የማጥበው እኔ ነበርሁ። ዛሬ የእኔን ከእጄ ወስደው እያጠቡልኝ ነው።

ወንድምሽ አካሉ ዓምደ ሚካኤል
እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት
ቅዳሜ፣ የካቲት 18 ቀን 1959 ዓ.ም.