ለቀዮ የበራ መብራት

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አበራሁ። ጠርሙሶቹን ቆጠርሁ፤ ደግሜ ቆጠርሁ። አርባ ሁለት ናቸው። በሩን ቆልፌ ከሄድሁ በኋላ መቆለፉን ለማየት ከግማሽ መንገድ ተመለስሁ... ይህ ጭንቀት መቼ ይለቀኝ ይሆን?

ክፍሉ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። ሦስት መደርደሪያ አለ፤ በየመደርደሪያው ሁለት ሁለት ረጃጅም አምፖል። በየጠርሙሱ ውስጥ፣ እንደ ቀጭን ገንፎ በረጋ ምግብ ላይ፣ ጣት የማታህል የድንች ችግኝ ቆማለች። ማታ አራት ሰዓት ላይ አጠፋለሁ። አምፖልም እንደ ሰው ዕረፍት ይሻልና።

ገበያው ሲሞቅ እትዬ ሙሉነሽ መጡ። ዓርብ በመጣ ቁጥር ባቄላቸውን ሳይሸጡ አስቀድመው ወደዚህ ነው የሚመጡት። ደጃፉ ላይ ቆመው፦

«ልጆቼ እንዴት ሰነበቱ?»

«ደኅና ናቸው፣ እትዬ።»

«ቁመትስ ጨመሩ?»

«ጥቂት ጨምረዋል።»

«እሰይ! እኔ ወደ መሬት እያጠርሁ ነው፤ እነሱ ይርዘሙልኝ።»

ችግኞቹ የእርሳቸው ናቸው። ቀዮ ይሉታል፤ የአባታቸው ድንች ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ምች የሚሉት በሽታ የአገሩን ድንች ሁሉ ሲያነድደው፣ ለእትዬ ሙሉነሽ አምስት ፍሬ ብቻ ተረፈ። አልበሉትም። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ለዘር ባለሙያዋ ለወይዘሪት ፍሬሕይወት አስረከቡ። ባለሙያዋም ቡቃያውን ቆርጠው፣ ከበሽታ አጽድተው በጠርሙስ አኖሩት። አሁን ቀዮ በማንም ማሳ የለም። በማንም ጎተራ የለም። ያለው እኔ በምቆልፈው በር ውስጥ ብቻ ነው።

መንገዱ አስቸጋሪ ከሆነ ወዲህ ወይዘሪት ፍሬሕይወት ባሕር ዳር ቀርተዋል። መጋቢት ላይ መጥተው ወደ አፈር ያወጧቸዋል። እስከዚያው ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው።

ኅዳር 24

ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። ባትሪውን ሰካሁ። ጣሪያው ላይ ካለችው ሶላር የሚሞላው ባትሪ በቀን አራት ሰዓት ብቻ ያበራል። ለእነርሱ የሚገባቸው አሥራ ስድስት ሰዓት ነው።

የግቢው ዘበኛ መልካሙ ከበሩ ላይ ሆኖ ጮኸ። «መሪጌታ ድንች! ተማሪዎችህ በጨለማ ዜማ እያጠኑ ነው?»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? እውነትም ቤተ ልሔም፣ የድጓው ጉባኤ ቤት ሳለሁ ዜማውን በጨለማ፣ በቃል ነበር የምናጠናው። ለዜማ ብርሃን አያስፈልግም። ከመንዝ ድረስ ለድጓው መጥቼ፣ ስድስት ዓመት ለምኜ በልቼ፣ ጉሮሮዬ ታመመና ድምፄ ተዘጋ። አስኳላው አራተኛ ክፍል፤ ድጓው እኩል መንገድ ላይ ቀረ። አገር ቤት ግን መሪጌታ ሆኖ ይመጣል እያሉ ይጠብቁኛል። መሪጌታ ሆኛለሁ... የድንች።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

መብራት የለም። ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥቼ ወይዘሪት ፍሬሕይወትን በስልክ አገኘኋቸው። «ባትሪው ይበቃቸዋል ባልልም ያቆያቸዋል። ፀሐይ ላይ ግን እንዳታወጣቸው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀቀላሉ። በሩንም አትክፈት፤ አቧራው ሻጋታ ያመጣል...» መስመሩ ተቋረጠ።

እትዬ ሙሉነሽ ይህን ስነግራቸው ወገባቸውን ያዙ። «የእግዜርን ፀሐይ ደጅ አስቁመህ ለድንች አምፖል ትለምናለህ? ቀዮ ማሳ ላይ ስትኖር መቼ ተቀቅላ ታውቃለች?»

ለገበያ የመጡት ሰዎች ሳቁ። መልካሙማ ከሁሉ በላይ። አፈርሁ። አንዲት ጠርሙስ ብቻ አውጥቼ ግንቡ ላይ አኖርሁ፤ ለመሞከር ያህል። በስድስት ሰዓት ሳያት በላብ ተሸፍናለች፤ ግንዷ በስሎ ተኝቷል።

እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ «ከእንግዲህ የሚያውቁት የነገሩህን ስማ። እኔን አትስማ» አሉኝ።

አርባ አንድ።

ታኅሣሥ 2

ባትሪውን ወሰዱት።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ክንዱ ከጤና ጣቢያው አንዲት አዋላጅ አስከትለው መጡ። «ሴቶቹ በስልክ መብራት እየወለዱ ነው» አለች አዋላጇ። ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት የተነሣ ቀልቷል። ወደ መደርደሪያው ዞር ስል አቶ ክንዱ፣ «ለድንች ብለህ ልትከራከር ነው እንዴ?» አሉኝ።

አልተከራከርሁም። ሽቦውን ራሴ ፈታሁላቸው፤ ሶላሩንም ጣሪያ ወጥቼ አወረድሁ። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው የከፋው... ቢበድሉኝ ኖሮ መቆጣት እችል ነበር።

ታኅሣሥ 3

ሦስት ጧፍ አበራሁ። ጢሱ ጠርሙሱን አጠቆረው። ቀኑን ሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ሳብስ ዋልሁ።

ታኅሣሥ 7

ሦስት የእጅ ሶላር መብራት አገኘሁ፤ የራሴን፣ የመልካሙንና የቤት አከራዬን። ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ፤ ሲመሻሽ በየመደርደሪያው አንዳንድ እሰቅላለሁ። አከራዬ፣ «ድንቹ መጽሐፍ ሊያነብ ነው?» ብላ ሰጠችኝ። ሰጠችኝ ግን።

ችግኞቹ ረዘሙ፤ ነገር ግን ነጡ። ከድንጋይ ሥር እንደ በቀለ ሣር ሆነዋል። ሁሉም አንገታቸውን ወደዚያች ደካማ ብርሃን አስግገዋል። የሚለምን ሰው መልክ አላቸው... የልመናን መልክ አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 13

መጣ! ከተማው በአንድ አፍ ጮኸ። ሰው ሁሉ ስልኩንና ባትሪውን ይዞ ሶኬት ፍለጋ ሮጠ። ነገ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? እኔም ሮጥሁ። ስድስቱም አምፖል በሩ።

ማታ አራት ሰዓት ሆነ። እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር... ለምን አጠፋለሁ? አሥራ ዘጠኝ ቀን ተርበዋል። ሌላው ስልኩን እንደሚሞላ እኔም ለምን እነርሱን አልሞላም? ቤተ ልሔም ሳለን፣ ታሞ ትምህርት ያመለጠው ተማሪ ሲድን እጥፍ አድርጎ ነበር የሚይዘው። የኔታ፣ «ያመለጠህን ሳትይዝ አትተኛም» ይሉን ነበር። አምፖሎቹ በድካም ቢቃጠሉ ይቃጠሉ።

አላጠፋሁም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከስንት ቀን በኋላ!

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

አምስት ቀን፤ ሌትም ቀንም። መልካቸው የተመለሰ መሰለኝ። ወይዘሪት ፍሬሕይወትን ላበሥራቸው ኮረብታው ላይ ወጣሁ፤ የባሕር ዳር መስመር አይሠራም።

እትዬ ሙሉነሽ መጡ። «አሁን እንደ ልባቸው ናቸው፣ እትዬ። ሌትም ቀንም ይበራላቸዋል።»

«ሌትም?»

«ሌትም።»

ቀና ብለው አምፖሉን አዩ። ዓይናቸውን አጠበቡ። አንድ ነገር ሊናገሩ ነበር... ተዉት። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ወደ ባቄላቸው ሄዱ። ዛሬ አልቀለዱም። ምን ሆነው ይሆን? አሟቸው ይሆን?

ታኅሣሥ 23

ቢጫ። ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ። ርኃቡ ገና አልለቀቃቸውም ማለት ነው። የማድርበትን ክፍል አምፖል ነቅዬ አምጥቼ ጨመርሁላቸው። እኔ በጨለማ ብቀመጥ አልሞትም።

ታኅሣሥ 29

ልደት። ቅዳሴውን ቆምሁ፤ ሐሳቤ ግን መደርደሪያው ላይ ነበር። ከቅዳሴ ስወጣ እናቴ ከመንዝ ደወለች።

«ድጓውን መቼ ትጨርሳለህ?»

«ቅርብ ነው፣ እማዬ።»

በዚህ ቀን ዋሸሁ። ከዚያ ሄጄ ቆጠርሁ። ሃያ ስድስት።

ጥር 3

የባሕር ዳር መስመር ዛሬ ሠራ። ምነው ባልሠራ!

«ቢጫ ሆኑ? በቀን ምን ያህል ታበራለህ?» አሉ ወይዘሪት ፍሬሕይወት።

«ሳላቋርጥ ነው፣ ወይዘሪት። አምፖሉ ይቃጠል ብዬ መብራት ከመጣ ጀምሮ፣ ሌትም ቀንም።»

«ሌትም?»

እትዬ ሙሉነሽ ያሏትን ያችኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

«ማታ የምታጠፋው ለአምፖሉ መስሎህ ነበር? ለእነርሱ እኮ ነው። ቀን የበሉትን ማታ ነው የሚያላምጡት። እንቅልፍ ነሣሃቸው፣ አድማሱ።» አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌልህ ነበር» ብቻ አሉ።

ሄጄ አየሁት። እንዲህ ይላል፦ ብርሃን 16፣ ጨለማ 8። ጨለማውም ተጽፏል። በብርሃኑ ልክ፣ በዚያው ቀለም። ሰባት ወር ሙሉ በየማለዳው ፊቱ ቆሜ ያየሁት ግን የመጀመሪያዋን ቃል ነው።

ፀሐይ የምትጠልቀው ደክሟት መስሎኝ ነበርን?

ጥር 4

ዘጠኝ። ማታ በሰዓቱ አጠፋሁ። ለማን?

ጥር 9፣ ዓርብ

እትዬ ሙሉነሽ እንዳይመጡ ተመኘሁ። መጡ። «ልጆቼ እንዴት ሰነበቱ?» ከማለታቸው በሩን ወለል አድርጌ ከፈትሁት። አቧራውንም ከእንግዲህ አልፈራም። ገብተው ባዶውን መደርደሪያ በእጃቸው ዳሰሱት።

ሁሉንም ነገርኋቸው። አንድም አልሸሸግሁም።

«ስንት ቀሩ?»

«አምስት።»

«አምስት ሰጠሁ፤ አምስት መለስህልኝ» አሉ። «የሰጠኋችሁ ግን ድንች ነበር።»

መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ጠየቅሁ፤ ሳልጠይቅ ማደር አልቻልሁም። «ሌት ይበራላቸዋል ስልዎ ጠርጥረው ነበር፣ እትዬ?»

«በሬም እኮ ማታ ከቀንበር ይፈታል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ያችን አንዲቱን ፀሐይ ላይ ያስቀቀላት ማን ነው? እኔ አይደለሁም? አፌን የዘጋሁት ያን ቀን ነው። የተማረ ያውቃል ብዬ ነዋ!»

«እኔ እኮ አራተኛ ክፍል ነኝ።»

«እኔስ የክፍልን ደጅ መች አየሁት?»

ሁለታችንም አልሳቅንም። ባቄላቸውን ሳይሸጡ ተሸክመው ተመለሱ።

ጥር 14

መብራት ሄደ። አልደነገጥሁም። ምን ቀርቶ?

ወይዘሪት ፍሬሕይወት ደወሉ። የዘር ሥራው ተዘግቷል። እርሳቸውም ሌላ ቦታ ተመድበዋል። «የቀሩትን ወደ አፈር አውጣቸው። ጥላ ሥር፤ የጠዋት ፀሐይ ብቻ።» ጊዜው ጥር ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። «ይድናሉ?» አልኋቸው። «እውነቱን ልንገርህ? አይመስለኝም።»

ጥር 16፣ ዓርብ

ሦስት ቀርተዋል። ጠርሙሶቹን በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ ከገበያ ሲመለሱ እትዬ ሙሉነሽን ተከትዬ ቤታቸው ደረስሁ። አልተጣላንም፤ አልታረቅንም። እርሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ሄድን።

ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ምግብ በለብታ ውኃ አጠቡት። ጣታቸው ሻካራ ነው፤ ግን አንዲት የሥር ጭራ አልበጠሱም። አንገቱ በተሰበረ እንስራ ውስጥ አፈርና ፍግ ቀላቅለው ተከሉ፤ ከላይ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ደፉበት። «እንግዲህ ለእግዜር ነው» አሉ። ለእርሱ ብቻ መቅረቱ ነው የሚያስፈራኝ።

ጥር 20

ከእትዬ ሙሉነሽ መልእክት መጣ። ውርጩ ሁለቱን ወስዷል።

ጥር 24

ይህን የምጽፈው በማለዳ፣ ከእትዬ ሙሉነሽ ደጅ፣ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ነው።

ትናንት ቁልፉን ለአቶ ክንዱ አስረከብሁ። ክፍሉ የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ልገነጥል ብል ተቀደደ፤ «ጨለማ 8» የሚለው በእጄ ቀረ፣ ሌላው እዚያው በሩ ላይ። ከዚያ ኮረብታው ላይ ወጥቼ መንዝ ለእናቴ ደወልሁ። ድጓውን እንዳልጨረስሁ፣ እንደማልጨርሰውም ነገርኋት። «ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ሲመሻሽ እዚህ ደረስሁ። ችግኟ ቆማለች። ሦስት ቅጠል፤ አንደኛው ጫፉ ተቃጥሏል። አንዲት ናት። ደግሜ አልቆጠርሁም።

«ብትይዝ ስንት ፍሬ ትሰጣለች?» አሉ እትዬ ሙሉነሽ።

«አንድ። ምናልባት ሁለት። እንደ አተር ያሉ።»

«ለዘር አይበቃማ።»

«አይበቃም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያወቁትን ነው የጠየቁኝ። እንስራውን አቅፈው አስገቡና፣ ውርጩ እንዳያገኛት ከበሩ ኋላ አኖሯት። እኔ መደብ ላይ ተቀምጬ ነበር። እጄ በልማዱ ኪሴ ገብቶ የእጅ መብራቷን አወጣ።

«ተው፣ ልጄ» አሉኝ። «ሌሊቷ ነው፤ ትተኛበት።»

መልሼ ኪሴ ከተትኋት። ጨለመ። አልተነሣሁም።