አሸዋ በማገጡ ላይ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

እንዴት ብዬ ልጻፈው... ደስ ብሎኛል። አባባ ማሳችንን ለባለፈረሶቿ ለመዳም ኒቪን ሊያከራይ መሆኑን ሲነግረን እናቴ ክው አለች። እኔ ግን በሆዴ ደስ አለኝ። ማሳው ከመስኮቴ ሥር ነው። ፈረሶቹ እዚያ ሊጋልቡ ነው ማለት ነው። ነስማን ከአልጋዬ ሳልወርድ ላያት!

ጠዋት ጠዋት ማሳችን ላይ የምንዘራውን የመኖ ሣር፣ ማገጡን፣ አጭጄ በአህያ ጋሪ መዳም የፈረስ ጋጣ የማደርሰው እኔ ነኝ። ከሰው ይልቅ ከፈረሶቹ ጋር ይቀለኛል። ነስማ፣ ግራጫዋ ባዝራ፣ ጋሪው ገና ከሩቅ ሲንቋቋ ታውቀኛለች።

መዳም የፈለገችው መጋለቢያ ሜዳ ነው። ከካይሮ ለሚመጡት ልጆች። ማገጡ ተገልብጦ አሸዋ ይደፋበታል።

"ሕጉስ?" አለች እናቴ። "በእርሻ መሬት ላይ መገንባት ክልክል አይደል? የጎረቤታችንን ግንብ በቡልዶዘር ሲንዱት አላየህም?"

"ሕጉ የሚከለክለው ጡብና ሲሚንቶ ነው። አሸዋ ምን አደረገ? ወገቤ እንደሆነ ከእንግዲህ ዶማ አይችልም።"

በሚመጣው ሳምንት፣ ዓርብ ከሶላት በኋላ ሊጨባበጡ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

አክስቴ ኢንሻራህ መጣች። የአባባ ታላቅ እህት። የእሷ ማሳ ከእኛ ቀጥሎ፣ የመስኖው ቦይ መጨረሻ ላይ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

"ረገብ፣ መሬቱን ልትቀብረው ነው አሉ።"

"ኧረ እትዬ፣ አሸዋ እኮ ነው።"

"ጡብ ቢሆን አፍርሰህ ታነሣዋለህ። አሸዋን በምን ልትለቅመው ነው? በሻይ ማንኪያ?"

"ፈረስም እኮ የእርሻ እንስሳ ነው።"

"ያረሰ ፈረስ አሳየኝና ዝም ልበል። የሀብታም ልጅ ተሸክሞ ዞሮ ዞሮ እዚያው የሚመለስ!"

አባባ ሳቀ። እኔም ሳቄን በሻርፔ ሸፈንኩት። አየችኝ።

"አንቺስ ሽሩቅ? ማገጡን የምታጭጂው አንቺ፣ በጋሪ የምታደርሺው አንቺ... ምላስሽንም ለፈረሶቹ ቀለብሽው?"

ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወጣሁ። ምን ልበላት? ፈረሶቹ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ ልበላት?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አንድ መኪና አሸዋ መጣ። ገና ሳይጨባበጡ። መዳም ቸኩላለች። ሾፌሩ የሰፈራችን ሰው አይደለም። ማሳው ራስጌ፣ ቦዩ ላይ ገልብጦት ሄደ። ቦዩ ደርቆ ስላየው ተራ ጉድጓድ መስሎት ይሆናል። አባባ አይቶ፣ "የውሃ ተራችን እስኪደርስ እንጠርገዋለን" አለ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ተራችን ነገ ነው ብለን ነበር። ከቦዩ በላይ በኩል ያሉት ባለማሳዎች ቀድመው ጨርሰው ዛሬ ለቀቁልን። ውሃው መጣ፣ መጣ... አሸዋው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወደ መንገዱ ገነፈለ። እኔና አባባ በዶማ ልንከፍትለት... አሸዋ ሲቆፍሩት መልሶ ይናዳል። በመጨረሻ ሲከፈት ውሃው አሸዋውን ይዞት ወርዶ ማገጡ ላይ አስተኛው። አክስቴ ማሳ ጠብታ አልደረሰም። ተራችን አለቀ።

አክስቴ ቦዩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ደረቅ አፈር ዘግና መልሳ በተነችው። ብትጮህ ይሻል ነበር። አባባ ወገቡን ይዞ ቆሞ ቀና ብሎ አላያትም።

ይህን ያደረገው አንድ መኪና ነው። ሜዳው ስንት መኪና ሊፈልግ ነው? ውሃውስ በየት ሊያልፍ? ማገጥ ከሌለ ነስማ ምን ልትበላ?... እስከ ዛሬ ይህን እንዴት አላሰብኩም?

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ተናገርኩ!

ማገጡን አራግፌ እንደሌላው ቀን ልሄድ ነበር። እግሬ እምቢ አለ።

"መዳም..."

"አቤት የኔ ቆንጆ፣ ማገጥ ጎደለ እንዴ?"

"አይ... ሜዳው። እኛ ማሳ ላይ መሆን የለበትም።"

ድምፄ ቀጠነ። ግን አልተቋረጠም። እኛ ማገጥ እንሰጣለን፣ ፈረሶቹ ፍግ ይሰጡናል፣ በዚህ ተስማምተን እንኖራለን አልኳት። ከመሬቱ ጋር የማይስማማው አሸዋው ነው አልኳት። "ከጋጣው ጀርባ ያለው የራስሽ መሬት በተፈጥሮው አሸዋ አይደል?"

"ድንጋይ ነው እንጂ! ልጅ ቢወድቅበትስ?"

"ይለቀማላ።"

"ማን ይለቅመዋል?"

"እኔ።"

ፈረስ ጠባቂው ጋሼ ፈትሂ አካፋውን ተደግፎ ሳቀ። "ወላሂ መዳም፣ ይቺ ልጅ ስትናገር ዛሬ ገና ሰማሁ። ድንጋዩም ደንግጦ ራሱ ይነሣል!"

መዳም መነጽሯን አወለቀች። "አባትሽ ምን ይላል?"

አባባ... ገና አያውቅም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ጠዋት ነገርኩት። "ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "ወገቤስ?"

"ዶማውን እኔ እይዛለሁ። አንተ ቦዩ ዳር ተቀምጠህ እዘዘኝ።"

"ማዘዙን እንኳ አላጣውም" አለ። ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ከሶላት በኋላ ተጨባበጡ። በማሳው አይደለም፣ በማገጡ። ዓመቱን ሙሉ ማገጡ ለጋጣው፣ ፍጉ ለማሳው። መዳም ግን ሳትሄድ ወደ እኔ ዞረች። "ወሩ እስኪያልቅ ከጋጣው ጀርባ ልጅ ያለ ስጋት የሚወድቅበት ሜዳ አሳዪኝ። ያለዚያ ሌላ ሰው ማሳ እጠይቃለሁ።" የሌላ ሰው ማሳም ቢሆን የሚያጠጣን ያው አንድ ቦይ ነው፤ አሸዋው መልሶ ይደፍነዋል። የማልችል ይመስላታል። እችላለሁ።

ነገ ማገጡን ካደረስኩ በኋላ ጋሪውን ወደ ጋጣው ጀርባ እነዳዋለሁ። ከትልልቆቹ ድንጋዮች እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የአክስቴን በር አንኳኳለሁ። እስክትጠይቀኝ አልጠብቅም። "ተነሽ አክስቴ፣ ድንጋይ ልንለቅም ነው" እላታለሁ።