አርባ ሦስተኛው ቤት

ሚያዝያ 29 ቀን 1976
ከደብረ ታቦር ከወጣሁ ሁለተኛ ቀኔ። ለሕዝብ ቆጠራው በበቅሎ ደረስኩ። መንደሩ ጭጋግ ውስጥ ነው፤ ቤቶቹ ብቅ ይላሉ፣ መልሰው ይጠፋሉ። እንዲህ ያለ አገር እንዴት ይቆጠራል? ያረፍኩት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሞላ ዘንድ ነው። ባለቤታቸው ብዙነሽ እግሬን አጠበችኝ። እንደ እህትማማች አንድ መሶብ ቀረብን።

ግንቦት 2
ቆጠራው ተጀመረ። አቶ ሞላ ከፊት፣ እኔ ቅጼን ይዤ ከኋላ። "አርባ ሁለት ቤት ነን" አሉኝ። ገበሬ... ገበሬ... ቄስ... ገበሬ። አንዲት ባልቴት የተወለዱት በጾም እንደሆነ ያውቃሉ፤ ዓመቱን ግን አያውቁም። ስም ስጽፍ ዋልኩ። ዓይኔን ስጨፍን ስሞቹ እንደ ውሃ ይፈሳሉ።

ግንቦት 3
ከወንዙ ማዶ ጭስ አየሁ።
"እዚያ ማን አለ?"
"ማንም።"
"ጭስ ይታየኛል እኮ።"
"ሸክላ ሠሪዎች ናቸው" አሉ አቶ ሞላ። "ከኛ አይቆጠሩም።"
ቅጼን አጥፌ ተከተልኳቸው። ለምን አልተከራከርኩም?
እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሌ እንኳ አያውቅም። በጽሑፍ ሳሰፍረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ግንቦት 4
ብቻዬን ወንዙን ተሻገርኩ። የእርጥብ ጭቃ ሽታ... በሕልሜ የምሄድ መሰለኝ። አንዲት አሮጊት ዛፍ ሥር ተቀምጠው እንስራ ይሠራሉ። እመት ዓለሚቱ ይባላሉ።
"ልቆጥራችሁ መጣሁ።"
"እኛንም?"
ልጃቸው ውዴ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ እሳቸው። አራት ሰው።
"ሥራዎ?"
እጃቸው ቆመ። "ምን ብለሽ ልትጽፊው ነው?"
"እርስዎ እንዳሉኝ።"
"እንግዲያ ሸክላ ሠሪ በይ። ቡዳ ብለሽ እንዳትጽፊ።"
ውሃ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። ሳላስበው አውራ ጣቴ የእንስራውን ከንፈር ማለስለስ ጀምሯል። ጣቴን አዩት።
"ይሄን ማን አስተማረሽ?"
"እናቴ።"
ሌላ አልጠየቁኝም። ጭቃውን ወደኔ ጠጋ አደረጉልኝ። እስኪመሽ አብሬያቸው ሠራሁ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ...

ግንቦት 5
"እዚያ ጠጣሽ አሉ" አሉኝ አቶ ሞላ።
"ጠጣሁ።"
"አርባ ሦስት ቤት ብዬ ማኅተም አላደርግም። ሰርዢያቸው።"
እሺ ብል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።
"አልሰርዝም። እኔም የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ።"
ብዙነሽ ወጥ ታማስል ነበር፤ ማማሰያው ቆመ። አቶ ሞላ አተኩረው አዩኝ። እንደ ሰው አዩኝ ወይስ እንደ ሌላ? አላውቅም። በመጨረሻ "መንግሥት ቁጠሩ ካለ..." ብለው፣ ቅጹን ሳያዩ ማኅተሙን አሳረፉበት።
ራቴ ለብቻ መጣልኝ። ብዙነሽ ደጃፉ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ግንቦት 6
ጓዜን ስጭን ብዙነሽ ልትሸኘኝ አልወጣችም። አልቅሻለሁ፤ አልክድም። ቅጹን ወደማስረክብበት ወደ እብናት ከሚወስደው መንገድ ታጠፍኩና እንደገና ወንዙን ተሻገርኩ። ዛሬ የማድረው እመት ዓለሚቱ ቤት ነው። ውዴ ቁርበት አነጠፈችልኝ። ልጆቹ ግራና ቀኜ ተቀምጠው ስጽፍ ያዩኛል።
እመት ዓለሚቱ "እናትሽ ማን ትባል ነበር?" አሉኝ።
"እቴነሽ" አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ።
ቤት ስገባ ለባሌም እንዲሁ እነግረዋለሁ።