ሀያት ጫካ የገባችበት ሳምንት

ሰኞ

ሀያት ጫካ ልትገባ ነው። ጻፊው ነርሷ፣ ከአፌ እንደወጣ ጻፊው፣ አታሳምሪው። የልጄ ልጅ ሀያት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው፣ ጫካ ልትገባ ነው። የሰው ወሬ አይደለም፤ በዚህ በግራ ጆሮዬ ሰማሁ። ቀኙ ከሞተ ቆይቷል፣ ግራው ግን የአይጥ ኮቴ አያመልጠውም።

ከዐስር ሰላት በኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጬ ነበር። ከማዶ፣ ከእሷ ክፍል፣ ድምፅዋ መጣ። «ጎህ ሳይቀድ ጫካ እገባለሁ። ለእናቴ እንዳትነግሯት።» ቀጥላ ደግሞ፣ «እኔ ብሞት ሌላዋ ትነሳለች።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን የያዝኩትን ውሃ ጭኔ ላይ ደፋሁት።

በዚህ አገር ጫካ መግባት እንጨት ለቀማ አይደለም። የገባ ልጅ ስሙ በገዛ ቤቱ በሹክሹክታ ነው የሚጠራው። አንቺ ከደብረ ማርቆስ ተመድበሽ የመጣሽ ተከራይ ነሽ፣ ግን አንቺም አውቀሽዋል፤ ብዕርሽን አቁመሽ አየሽኝ።

ማክሰኞ

ዛሬ ስሰልላት ዋልኩ። ጫማዋን አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታለች። ምሳዋን በቁሟ በላች። ከዚያ መጥታ ገጀራዬን ልዋስ አለችኝ። ምን ልታደርጊበት ብላት ሳቀች፣ ድምፁን ፈልጌው ነው አካኮ አለች። አካኮ የምትለኝ ከሕፃንነቷ ነው፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የገጀራ ድምፅ የሚባል ነገር ምንድን ነው? አልጋዬ ስር ከትቼ ተኛሁበት።

እሷ ሁለት የድስት ክዳን ይዛ ክፍሏ ገባች። ሲጋጩ ሰማሁ። ደግሞ ሲጋጩ። ልምምድ ነው አልኩ።

ማንን ልንገር? ልጄ አይሱዙውን ይዞ ድሬዳዋ ነው። ለእናቷ ለዘሃራ ብነግራት ጩኸቷ ቦርደዴ ይሰማል። ልጅቷን ብጠይቃት ትሸሻለች፤ ፍየል የምትበረግገው ገመዱን ስታይ ነው። ዝም አልኩ። ዝምታ ደግሞ ልማዴ አይደለም።

ማታ እናቷን ፈቃድ ጠየቀች። ነገ በደሳ፣ ጓደኛዋ ነጃት ቤት ልትሄድ። ዘሃራ እሺ አለቻት። በደሳ ማለት ቡና ነው፣ ከቡናው ወዲያ ገደል፣ ከገደሉ ወዲያ ያው ጫካ ነው።

ረቡዕ

ሱብሒን ሰግጄ ቀጥታ መናኸሪያ። በዚህ ትከሻ የአሰበ ተፈሪን ጫት ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የዛሬ ልጆች ከተማዋን ጭሮ ይሏታል፣ ይበሉ። መናኸሪያው ያውቀኛል። ተራ አስከባሪውን ጀማልን፣ የልጄ ልጅ ብትመጣ የበደሳ መኪና ላይ እንዳትሳፈር አልኩት። ለምን ሲለኝ ዝም ብዬ መሄድ ነበረብኝ። ምላሴ ቀደመኝ። «ጫካ እንዳትገባብኝ» አልኩት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ግን የደንቆሮ ቀስታ ለሰው ጩኸት ነው። ሰልፉ ላይ የነበረው ሁሉ ዞረ።

ሀያት መኪና ለመኪና ዞራ ተመለሰች። ሰው ሁሉ እንደ ሌባ አየኝ አለች። እኔን ግን ውስጤን ጉራ ነፋው። አዳንኳት አልኩ።

ሐሙስ

የቀበሌው ሰው መንገድ ላይ ያዘኝ። ሰላምታውን አስረዘመው፤ ቤተሰቡ፣ ጤናው፣ ዝናቡ። መጨረሻ ላይ፣ ሀያትስ ደህና ናት አለኝ። ይህ ሰው የልጅ ልጄን ስም ጠርቶ አያውቅም። ደህና ናት አልኩ። ትምህርቷ ላይ ናት አይደል አለ። ትምህርቷ ላይ ናት አልኩ። አንገቱን ነቀነቀና ሄደ።

አሁን ገባኝ። ከጫካ ላስቀራት ብዬ በገዛ አፌ ጫካ ከተትኳት። ይህ ስም የተለጠፈባት ልጅ ቤቷ ተኝታም አትድንም።

ነርሷ፣ አንቺ እዚህ ላይ ብዕርሽን አስቀምጠሽ፣ «አባ ዩሱፍ፣ ለምን እሷን ራሷን አይጠይቋትም?» አልሽኝ። እሱንም ጻፊው። ተቆጣሁሽ። እሱንም ጻፊው።

ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ በሩን ዘግቼ ጠየቅኳት። ጫካ የምትገቢው መቼ ነው አልኳት። አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ሲቆም አየሁት፤ መናኸሪያው ትዝ አላት። «ያስከለከሉኝ እርስዎ ነዎት?» አለች።

ስልኳን አወጣች። ወላሂ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። ስልኩ ውስጥ ልጅ አለች። ሥዕል ናት፣ ግን ትሮጣለች፣ ትተነፍሳለች። ዓይኗ የበሬ ዓይን ያክላል፣ ፀጉሯ ሰማያዊ ነው። ዝናቡን ጎተራ ውስጥ የቆለፈ ንጉሥ አለ፤ እሷ አሞራ ላይ ተቀምጣ ትወጋዋለች። እሱስ ይሁን። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው የሀያት ድምፅ ነው። «ጎህ ሳይቀድ ጫካ እገባለሁ።» ልጄ አጠገቤ አፏን ዘግታ ተቀምጣለች፣ ድምፅዋ ሌላ ገላ ውስጥ ነው። ሩሕ ነው፣ ነፍስ ነው እንዲህ የሚወጣው። አስተግፊሩላህ ብዬ ስልኩን ገፋሁት። ከዚያ መልሺው አልኳት። ደጋግሜ አየሁት።

የጃፓን ፊልም ነው አለች። እሷና ነጃት በራሳቸው ድምፅ በአማርኛ እያናገሩት ነው፣ እሁድ የትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ ሊያሳየው። ይህ በስልኳ የሞከረችው ነው፤ ዋናው ማይክ በደሳ ነጃት ቤት ነው። የድስቱ ክዳን የጎራዴ ድምፅ ነው። ያቺ ባለ ሰማያዊ ፀጉር ደግሞ አያት አላት፣ ስትሄድ የሚያሰናብታት። ድምፅ የሚሆነው ሽማግሌ አጥተናል አለችና አየችኝ።

ቅዳሜ

መናኸሪያ ሄጄ ለጀማል ሁሉንም ነገርኩት፣ አሁን ጮክ ብዬ። ሳቀብኝ። ይሳቅ። የቀበሌውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገ ና፣ ጫካውን እይ አልኩት። እመጣለሁም አላለ፣ አልመጣምም አላለ።

ነጃት ማይኩን ይዛ መጣች። ሀያት ወረቀቱን አነበበችልኝ። ሽማግሌው «ሂጂ፣ ጫካ ግቢ» ነው የሚለው። አልልም አልኩ። ፊልም ነው እኮ አካኮ አለች። ፊልምም ቢሆን አልልም። ነጃት የሥዕሉ አፍ የሚከፈተው ለዚያ ያህል ብቻ ነው አለች። እንግዲህ ይዘርጋው። እኛ ልጅ ከበር ስትወጣ፣ ወፍጮ ቤት እንኳ ብትሄድ፣ ነጋን ገሊ ነው የምንላት፣ በሰላም ግቢ። ጫካ ግቢ ብሎ ልጁን የሚሸኝ አያት አላየሁም። ግቢ ካላችሁ ግቢ፣ ግን ወደ ቤቷ።

ማይኩን ተጠግቼ አልኩት። «ሂጂ ልጄ። በሰላም ግቢ።» ይደገም ሲሉኝ ማይኩን ወደ ነጃት ገፋሁት። ሀያት ይበቃል አለች።

እሁድ

አዳራሹ ሞላ። ጀማል የመናኸሪያውን ልጆች አግተልትሎ መጣ። ዘሃራ ገበያዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁሉን ሰምታለች፣ አላናገረችኝም። የቀበሌው ሰው ዘግይቶ ገባና ኋላ ቆመ።

ጫካ እገባለሁ የሚለው ሲደርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ዞሬ የቀበሌውን ሰው አየሁት። ፊቱ አይነበብም። ከዚያ ያ ሥዕል ሽማግሌ አፉን ከፈተ፣ የእኔ ድምፅ ወጣ። አፉን ከዘጋም በኋላ ድምፄ ቀጠለ። ልጆቹ ሳቁ። ከኋላ አንዱ ግን ጮክ ብሎ አሚን አለ። ማን እንደሆነ አላየሁም። ብቻ ስዞር የቀበሌው ሰው ዱዓ እንደጨረሰ ሰው ሁለት መዳፉን ከፊቱ ላይ እያወረደ ነበር።

መዳፍ ማውረድ ምስክር አይሆንም፣ አውቃለሁ። ነገ ምን እንደሚል ነገ ይታያል።

ሀያት ከጓደኞቿ ጋር እመጣለሁ ብላ እዚያው ቀርታለች። መግሪብ ሊደርስ ነው። ቆይ ነርሷ፣ ብዕርሽን አቁሚ። የቆርቆሮው በር ነው። እርምጃዋ ነው፣ ግራ ጆሮዬ አይስተውም።

ገባች።