ጠላቴን በሜትር ስለካው

ጥቅምት 4
ሁለት ቀሚስ ሰፍቼ ጨረስኩ። ከሰዓት «ጡሩምባው» የምንለው ጎረቤታችን ከመሰላል ወድቆ እግሩን ሰበረ። ድምፁ ግን ደህና ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። «እሰይ» አላልኩም… ጮክ ብዬ አላልኩም ማለቴ ነው። ውሻው የልጄን ባት ሲነክስ «ማን ሩጪ አላት?» ያለኝ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ «ጋሼ» ብዬው አላውቅም።

ጥቅምት 6
ከሆስፒታል መለሱት። ዘመድ የለው፣ ውኃ የሚያቀብል የለው። ሚስቴ ሾርባ እየቀዳችለት፦
«ሳሎን እናስተኛዋለን።»
«ማንን?»
«ጠላትህን ውደድ ይላል።»
«ስለ ጠላት ውሻ ግን ምንም አይልም!»
ኮራሁ በመልሴ። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ… ልጅቷ ያ ውሻ በጮኸ ቁጥር አልጋችን ውስጥ ናት። ጽድቁ ለኔ፣ ፍርሃቱ ለሷ? ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ!

ጥቅምት 7
ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«እርስዎ ይምጡ። ውሻው ግን ደጃፌን አይረግጥም።»
ስድብ ጠበቅሁ። የምመልሰውንም አሰናድቼ ነበር፣ ምርጥ ምርጡን።
«ጠዋት ለጋራዡ ዘበኛ ሰጠሁት» አለ፣ ቀስ ብሎ። ጡሩምባው፣ ቀስ ብሎ! «ሚስትህ ትላንት ነግራኝ ነበር… ልጅቷ በገዛ ቤቷ እየተሳቀቀች እኔን እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?»
ያ ሁሉ ስድብ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሌላ ማን ነበረው፣ ከውሻው በቀር?

ጥቅምት 9
ሳሎናችን ገብቷል። ሱሪው በጄሶው አላልፍ አለ። ሜትሬን ይዤ ጠላቴን ለካሁት። የጎኑን ስፌት እስከ ጭኑ ፈትቼ ቁልፍ ደረደርኩበት።
«ኪሱ ጠማማ ነው» አለኝ።
«ጠማማውስ ባለቤቱ!»
ከበሩ ኋላ ልጅቷ ሳቀች።

ኅዳር 2
ነገ በክራንች ቤቱ ይገባል። ማን ይጠብቀዋል? ስለ ውሻው ልጅቷን ጠየቅኳት። አሰበች፣ አሰበች… «አፉ ከታሰረ ይምጣ።» ቀዩን ጨርቅ መረጠች።
ጋራዥ ሄድኩ። ዘበኛው የውሻውን አንገት ያዘልኝ፣ እኔ አፉን ዙሪያውን ለካሁ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ዝም ብሎ ተለካ፤ ስለ ኪስም አላነሳ።

ኅዳር 3
ውሻውን ከነቀዩ የአፍ ማሰሪያው ለጡሩምባው አስረከብኩት። «ጋሼ፣ ግቢዎ ውስጥ ይታሰር። ሲወጣ ይቺን ያጥልቅ።»
አለቀሰ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።
ልጅቷ ማታ ውሻው ሲጮኽ ሰማችው። ከአልጋዋ አልተነሣችም። ተመስገን… ተመስገን።
ሚስቴ መብራቱን እያጠፋች «አየህ? ጠላትህን ውደድ…» ብላ ጀመረች።
«የትኛውን ጠላት?» አልኳት።